ከግንቡ ወዲህና ወዲያ

ጆናስና ግሬስ ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት የሽመና ዕቃዎች ላይ አርባ አንድ ዓመት አብረው ሸምነዋል። ዮርክሻየር ኮረብታ ላይ ያለው መንደራቸው ጠዋት የሚነቃው በእነሱ መወርወሪያ ድምፅ ነበር። በኋላ የጆናስ ዓይን ጠፋ። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ በእንፋሎት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ተተክለው፣ የእጅ ሸማኔ ጨርቅ የሚፈልገው ሰው አነሰ።

ልጃቸው ታቢታ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። እሷም ባሏ ኢኖክም ሸማኔዎች ናቸው። ቤታቸው አንድ ክፍል፣ ልጆቻቸው አራት፤ የክፍሉን ግማሽ የሽመናው ዕቃ ይዞታል። የአጃው ገንፎ ለስምንት ሲካፈል ለማንም አልሆነም። ጆናስ ባያይም ማንኪያ የሳህን ቂጥ ሲፍቅ ይሰማል። ሦስት ወር ታገሡ። አንድ ማለዳ ታቢታ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ሽማግሎቹ የሉም። ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ፣ ቁልቁል መንግሥት ችግረኞችን ሰብስቦ ወደሚያኖርበት የድሆች ቤት ወርደዋል።

የድሆች ቤት ሕግ ደግሞ አንድ ነው፦ ወንድ በወንዶች ግቢ፣ ሴት በሴቶች ግቢ። ባልና ሚስት ቢሆኑም ያው ነው። በመካከል የድንጋይ ግንብ አለ።

ታቢታ እሑድ ልትጠይቃቸው ስትሄድ እናቷ ገና ከመሳሟ፣ “አባትሽ እንዴት ነው?” አለቻት።

“እማ፣ እዚሁ ግንቡ ማዶ እኮ ነው።”

“አውቃለሁ፤ ሳሉን እሰማ ነበር። አሁን ሁለት ቀን ሆነው አልሳለም። ተሽሎት ነው ወይስ…” ግሬስ ሳትጨርሰው ቀረች።

ተሽሎት ነበር። ታቢታ ግን ያን ሌሊት አልተኛችም። ረቡዕ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሹማምንት ሲሰበሰቡ ሄዳ ፊታቸው ቆመች። ሰብሳቢው ሚስተር ኦልድሮይድ የፋብሪካ ባለቤት ነው።

“ጌታዬ፣ ሽማግሎች ናቸው። አንድ ጥግ ስጧቸውና አብረው ይሁኑ።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ፓርላማ ነው ያወጣው።”

“ፓርላማውንስ ማን መረጠው?”

“ንብረት ያለው ሰው ነዋ!”

“እርስዎ መርጠዋል?”

“እንዴታ!”

“እንግዲያው ያወጡትን ሰዎች እርስዎ ነዎት የላኳቸው። የእኔ አባት አርባ ዓመት ግብር ሲከፍል ማንም ምረጥ ብሎት አያውቅም፤ ባሌንም እንደዚያው። እኛ ለማን እንጩህ?”

ኦልድሮይድ ቃጭሉን መታ፤ ዘበኛ ክንዷን ይዞ አስወጣት።

ወጣቷ ንግሥት ቪክቶሪያ ዙፋን በያዘች በአምስተኛው ዓመት፣ አገሩ በሙሉ ለፓርላማ አቤቱታ ይፈርም ነበር፦ ሀብት ቢኖረውም ባይኖረውም አዋቂ ወንድ ሁሉ ይምረጥ የሚል። በመንደሩ ወረቀቱን የያዘው ጫማ ሰፊው ኤልካና ነው። ታቢታ ከዚያ በፊት “ድምፅ ይበላል እንዴ?” እያለች ታሾፍበት ነበር። አሁን በሩን አንኳኳች።

“አንድ ወረቀት ስጠኝ።”

“ምነው፣ ድምፅ ይበላል እንዴ?” አላት ኤልካና።

“የሚበላውን የሚወስኑብን ባለድምፆቹ ናቸው። ስጠኝ አልኩህ።”

ኢኖክ ግን ፈራ። “አንቺ ሴት፣ ድርና ማጉን የሚሰጠን ነጋዴ ቢሰማ ነገ በባዶ ዕቃ ላይ ነው የምንቀመጠው። ደግሞ ለወንዶች ምርጫ አንቺ ምን አገባሽ?”

“ግንቡ ሴትና ወንድ ለይቷል። እኔ አልለይም።”

ቤት ለቤት ዞረች። አንዱ ሽማግሌ፣ “ለንደን ስሜን ምን ልትሠራበት? ሚስቴ እንኳ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም!” እያለ ፈረመ። አንዳንዱ በሩን ዘጋባት። በቀጣዩ እሑድ ወረቀቱን በሻሏ ሥር ደብቃ ድሆች ቤት አስገባች። አባቷ እጁን ይዛለት በፊርማ ፈንታ ወረቀቱ ላይ የመስቀል ምልክት አደረገ፤ ቀጥሎ በሴቶቹ ግቢ እናቷ ከሥሩ አደረገች። “ይኼ የሱ ነው?” አለች ግሬስ፤ በጣቷ ነካችው።

ኢኖክ የፈራው ደረሰ። ነጋዴው ሰማና ማግ ከለከላቸው። ኢኖክ በማግሥቱ ወርዶ ኦልድሮይድ ፋብሪካ ተቀጠረ። በሳምንቱ ታቢታም ተከተለችው፤ ሌላ በር አልነበረም።

በግንቦት አቤቱታው በብዙ ሰው ትከሻ ለንደን ገባ። ከሦስት ሚሊዮን በላይ ስም ነበረበትና ጥቅሉ በፓርላማው በር አላልፍ ብሎ በታተኑት። ኤልካና ጋዜጣውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቷል። የፓርላማው ሰዎች የአቤቱታ አቅራቢዎቹን ቃል ለመስማት እንኳ እምቢ ብለዋል። አንድ ሰው ተሳደበ። ታቢታ ከሦስት ሚሊዮን ሰው ጋር ከግንብ ማዶ የታሰረች መሰላት።

ግሬስ በኅዳር ሞተች። ለጆናስ የነገሩት ከተቀበረች በኋላ ነው። እሱም የበረዶውን ወራት ሳይጨርስ ተከተላት።

ስድስት ዓመት አለፈ፤ ሌላ አቤቱታ መጣ። የፋብሪካው ማሽን ጆሮ ስለሚያደነቁር ሴቶቹ የሚነጋገሩት በከንፈር ብቻ ነው፤ አለቃው አጠገባቸው ቢቆም እንኳ ምንም አይሰማም። ታቢታ ክር እየቀጠለች፣ ቀና ሳትል፣ አጠገቧ ላለችው አዲስ ሠራተኛ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፦ “ትፈርሚያለሽ?”

ልጅቷ ወደ አለቃው ጀርባ አየች፤ ከዚያ ስሟን በከንፈሯ ነገረቻት።