የጋሼ ዘመንፈስ እጅና የእንዳሻው ፊት

እልል በሉ! እጃቸው ለሰለሰ! ዳቦውም በዚያው እጅ ተቆረሰ! ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት መቶ ሰው እያየ፣ ቪዲዮ እየተቀረጸ!

የማን እጅ? የጋሼ ዘመንፈስ ነዋ! እዚህ ጀርመን አገር፣ ዚንድሊንገን ሰፈር የሚኖሩት፣ የቅሳነት አባት፣ አሥራ ሦስት ዓመት በኬሚካል ፋብሪካ በርሜል ሲያጥቡ የኖሩት። አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ሰው ፊት ሲቆሙ እጃቸውን ኪሳቸው የሚከቱ። ወደው አይደለም። መዳፋቸው ላይ ቆዳው እንደ አሮጌ ግንድ ወፍሮ፣ ነጭ ቅርፊት እያራገፈ፣ ዕቃ በጨበጡ ቁጥር እየተሰነጠቀ ይደማ ነበር።

በማኅበራችን ዳቦ የሚቆርሰው ታላቅ ነው። መርቆ ይቆርሳል፣ በእጁ ያድላል። ያ ታላቅ እሳቸው ነበሩ፤ እንዳሻው ሊቀመንበር እስኪሆን። ይኼ እንዳሻው አንድ ክረምት ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ሲገፋ ሠርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ 1993 የገና ዕለት ቢላዋውን ከእጃቸው ወሰደና፣ «ጋሼ፣ አንቱ ይረፉ፤ ይኼ ነገር ይጋባል ይባላል» አለ። በሹክሹክታ ቢሆን ደግ፣ በማይክሮፎን! ቀጥሎ የወረቀት ሳሐን አመጣላቸው፤ ለብቻ። ሰው ሁሉ ወደ ሳሐኑ አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ፤ እስከዛሬ ያሳፍረኛል። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ወደ ማኅበር ሲመጡ ቤታቸው በልተው ነው።

ዘንድሮ ቅሳነት ልታገባ ሆነ። ልጅቱ በአማርኛ ሲያናግሯት በጀርመንኛ ነው የምትመልሰው፤ ይቺን ግን በአማርኛ አለቻት፦ «አባቴ ካልቆረሰ ሰርግ የለም!» እንዳሻው ደግሞ ፕሮግራሙን ጽፎ ጨርሷል። ዳቦ ቆራሽ፦ እንዳሻው። ለሰርጉ ሦስት ወር ቀርቶናል።

«ጋሼ ይነሱ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ተይኝ የወርቅውሃ። ያ ጥቁሩ ቅባት ይበቃኛል።»

«እሱማ ሬንጅ ሬንጅ እየሸተተ መንገድ ጠጋኝ አስመሰለዎት!»

ሳቁ፤ ሄድን። ሐኪሟ እጃቸውን በባዶ እጇ ይዛ አገላበጠችው። እንዳሻው ይህን ባየ! «ሹፐንፍሌሽተ የሚባል ቅርፊታም የቆዳ በሽታ ነው፤ አይጋባም» አለች። ጤነኛ ቆዳ በአራት ሳምንት ገደማ ነው የሚታደሰው፤ የእሳቸው በቀናት እየተቻኮለ እላዩ ላይ ይከመራል። ያዘዘችላቸው አዲስ ቅባት የቫይታሚን ዲ ዘመድ ነው፤ ቆዳውን «ቀስ በል» ይለዋል። ጠዋትና ማታ፣ ከታዘዘው ሳያልፍ። ፊት ግን እንዳይነካ፣ ያቃጥላል። «ጨርሶ አያድንም፤ ሊመለስም ይችላል» ብላ አልሸሸገችም።

እንዳሻው ሲሰማ፣ «ቫይታሚን ዲ? እሱ ፀሐይ አይደል እንዴ! ጋሼ ፀሐይ በቲዩብ ገዙ!» ብሎ ማኅበሩን አሳቀ።

ሁለት ሳምንት ለውጥ የለም፤ እንዲያውም ቆጠቆጣቸው። በአራተኛው ቅርፊቱ ሳሳ። በስምንተኛው ጡጫቸውን ጨበጡ፣ ሳይደማ! ጎረቤት ነኝና አንድ ቀን ቤታቸው ብገባ ኩሽና ቆመው የሱፐርማርኬት ዳቦ እየመረቁ ይቆርሳሉ። ልምምድ ነው! አላየሁም ብዬ ወጣሁ።

የሰርጉ ሳምንት እኔ ጋሼ ቤት እያለሁ እንዳሻው «ስለ ፕሮግራሙ» ብሎ መጣ። እጃቸውን አየና ዓይኑ ፈጠጠ።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር ለፊት እንዴት ነው? ቪዲዮ አለብን፣ እኔ ደግሞ ይቺ ማድያት…»

«ለፊት አይሆንም ብላለች።»

«ቫይታሚን ምን ይጎዳል? ሎሚም ቫይታሚን ነው!»

«አይሆንም አልኩህ፣ እንዳሻው።»

«እሺ፣ እጄን ልታጠብ» ብሎ መታጠቢያ ቤት ገባ። ቆየ። ሲወጣ ብገባ ቲዩቡ ተጨምቆ ተለጥፏል፣ ክዳኑ መሬት ወድቋል። ሰው ሲሰርቅ ክዳን እንኳ አይገጥምም? ሌብነቱም እንደ ሐኪምነቱ! ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ በፎቶ ፊልም ብልቃጥ ሞልቶ ወስዶ ሦስት ቀን ፊቱን ሲለቀልቅ ከርሟል።

ትናንት አዳራሹ ሞልቶ እያለ ገባ። ፊቱ በርበሬ መስሏል፣ አፍንጫው ይላጣል፣ በአንድ እጁ ማይክሮፎን ይዞ በሌላው ያካል። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ወደ ጣሪያ አዞረ። ጎኑ የተቀመጡት ወንበራቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። እኔስ? የወረቀት ሳሐን ይዤ ሄጄ ፊቱ አስቀመጥኩለት፤ ለብቻ።

«ይጋባል ይባላል» አልኩት። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ነው!

ጋሼ አዩና መጡ። ሳሐኗን አነሱ፣ አጠፏት፣ ኪሳቸው ከተቷት። ከዚያ ቢላዋውን ያዙ። መረቁ፣ ቆረሱ። የመጀመሪያውን ለሙሽሮቹ ሰጡ፤ ሁለተኛውን ወደ እንዳሻው ዘረጉ።

«እንካ ልጄ። አይጋባም።»

እንዳሻው ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ምን ያድርግ? ጎረሰም! ቅሳነት አለቀሰች፣ እኔ እልልታውን አቀለጥኩት። እሳቸው ይቅር ይበሉት፤ እኔ ገና ነኝ።

በሽታው ይመለስ ይሆናል። ይመለስ! ዳቦው ተቆርሷል።

ጓደኛዬ ለተገብርኤል ግን ይህን ሁሉ አላየችም፤ ትናንት ፌኸንሃይም ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ሺፍት ላይ ነበረች። ዛሬም ገብታለች፤ አሁን ከሥራ ትወጣለች። በስልክ እንዳልነግራት የእንዳሻው ፊት በስልክ አይነገርም። ድርሻዋን ቁራሽ በናፕኪን ጠቅልያለሁ፤ ትራሙ ሊያመልጠኝ ነው፣ ሄድኩ!