ጠበል በዱቄት ፋብሪካው

ዛሬ ረፋድ ደባርቅ ላይ አዲሱ የዱቄት ፋብሪካ ሥራ ሊጀምር ሲል፣ የደብራችን አለቃ ጠበል ይዘው ወደ ማሽኑ ገሠገሡ።

«አባታችን፣ ኤሌክትሪክ ነው!» ብሎ መሐንዲሱ ጮኸ።

«እንግዲያስ ሠራተኞቹን አቅርቡልኝ፤ እነርሱ በውኃ አይበላሹም» አሉ። እኔም ሳልወድ ሣቅሁ።

የአገራችን መሪ ስንዴያችን በቀያችን ፋብሪካ እንደሚፈጭ ራእያቸውን ሲናገሩ እኔ አምኜ ነበር፤ ጎረቤቴ ግን «የኔታ፣ ይህ የቴሌቪዥን ወሬ ነው» እያለ ይሣለቅብኝ ነበር። ሴት ልጁም ሥራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ተሰናድታ ነበር።

ዛሬ ያችው ልጅ የሥራ ልብስ ለብሳ ከፊት ቆመች። ጠበሉን ተቀብላ ማሽኑን አስነሣች።

አባቷ እንባውን እየጠረገ «የኔታ፣ ረቱኝ» አለኝ።

የመሪው ራእይ በደባርቅ ልጆች እጅ ነጭ ዱቄት ሆነ! በእናንተስ ቀዬ ሰዎች ተሣልቀውበት የጸና ሥራ አለ ወይ? ንገሩን።