አማቴና የአረር ቅባቱ

የበርሊን ግንብ ከፈረሰ አምስት ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፍራንክፈርት፣ ሆኽስት ፋብሪካ ውስጥ ቧንቧ ጠጋኝ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አለቃዬ፣ ማይስተሩ፣ ስለ ተኩስ ክበቡ ሲያወራ አላስችል አለኝና፣ «የእኛ ዘር እኮ ዝንብን በክንፏ ነው የሚመታው» አልኩት። እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባ መሃል ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ፤ በዕድሜዬ የመታሁት ነገር ቢኖር የጎረቤት መስኮት ነው፤ እሱንም በኳስ።

ማይስተሩ ግን ቀልድ አያውቅም። «ቅዳሜ ቴርሚን አለህ?» አለኝ፤ ቀጠሮ ማለቱ ነው።

«የለኝም።»

«እንግዲያው አሁን አለህ።»

ክበቡ ሽቫንሃይም፣ ጫካው ዳር ነው። ማይስተሩ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ሰጠኝና ጎኔ ቆመ። አምስት ጊዜ ተኮስኩ። የዒላማ ወረቀቴ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ስድስተኛዋ አጠገቤ የሚተኩሱት ሽማግሌ ወረቀት ላይ አርፋ ዘጠኝ ነጥብ አስገኘችላቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ነቅነቅ አድርገው አመሰገኑኝ። እኔም ኀፍረቴን የምጥልበት ሳጣ፣ «ጥፋቱ የአረሩ ነው» አልኩ።

ሁሉም ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ማይስተሩ ክፉኛ ተከዘ። «ልክ ነህ» አለኝ። ለካ አረሩን እርሳስ አቅልጦ የሚሠራው ራሱ ኖሯል፤ ክረምቱን ሙሉ ጥይቱ አንዱ ወደ ሰሜን አንዱ ወደ ደቡብ እየሄደበት መንስኤው ጠፍቶበት ነበር። በአንድ ውሸትና በአንድ ማመካኛ የአረር ሥራ ሸሪኩ ሆንኩ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማይስተሩ አትክልት የሚተክልባት ጓሮ እሄዳለሁ። እርሳሱን ደጅ አቅልጦ ቅርጹ ውስጥ የሚያፈሰው እሱ ነው። የእኔ ድርሻ ማስተካከልና መቀባት ነበር። አረሮቹ ከቅርጹ ሲወጡ አንዱ ወፈር አንዱ ቀጠን ስለሚል፣ እያንዳንዱን በልኩ በተበሳ ብረት ውስጥ በእጀታ እየገፋሁ አሾልካለሁ፤ እዚያ ያለፈ ሁሉ ውፍረቱ እኩል ይሆናል። ወገቡ ላይ ያሉትን ቀለበት ቀለበት ቦዮች ደግሞ በሰምና በበሬ ሞራ ቅባት እሞላለሁ። ቅባት የሌለው አረር እርሳሱን የጠመንጃው ቱቦ ውስጥ እየላጠ ይሄዳል፤ ከኋላው የሚመጣው እንዳሻው ይበራል። ሥራውን ወደድኩት። መቶ አረር ደርድሬ ሳይ እንደ ሰልፈኛ «ተጠንቀቅ!» ማለት ያምረኝ ነበር።

ከዚያ የማይስተሩ ሚስት፣ ቅባቱ እሷ ዘንድ ሲቀልጥ ሰሙ የወጥ ቤቷን ቧንቧ ስለደፈነባት፣ ድስቱንም ሞራውንም አባረረች። ቅባት ማቅለጡ ወደ እኔ ቤት፣ ዞሰንሃይም ሰባተኛ ፎቅ መጣ።

«ጌታ የሚመለክበት ቤት ውስጥ አረር?» አለች ባለቤቴ።

«አረሩ እዚያው ነው። እዚህ ሰምና ሞራ ብቻ ነው የሚገባው።»

አዲስ ሰምና አዲስ ሞራ አቅልጬ፣ አጥልዬ፣ ንጹሕ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩና ፍሪጅ አስገባሁት። ማይስተሩ «ሁሉም ነገር ላይ ስሙ ይጻፍ» ስለሚል በአማርኛ «ቅባት» ብዬ ለጠፍኩበት።

በዚያው ሰሞን አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። የፍራንክፈርት ውሃ ፀጉራቸውን ገለባ አድርጎባቸው፣ ለጋ ቅቤ አጥተው፣ ከመጡ ጀምሮ ያማርራሉ። አንድ ቀን ከጠዋት ሺሽት፣ ከፈረቃ ሥራዬ፣ ስመለስ ራሳቸውን በሻሽ ጥምጥም አድርገው ሶፋው ላይ ደስ ብሏቸው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ጠርሙስ አለ።

«እማማ፣ ይኼ ጠርሙስ…»

«ጨረስኩት፣ ልጄ። አስበህልኝ ቅባት ብለህ ጽፈህ ማስቀመጥህ! ሞቅ አድርጌ ተቀባሁት። ማር ማር ይላል። ተባረክ!»

እንዲህ አድርጎ የመረቀኝ ሰው አልነበረም። ወጥ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሹክ አልኳት።

«መርዝ አለው?» አለች ዓይኗ ፈጥጦ።

«ኧረ የለውም፤ ሰምና ሞራ ነው።»

«ያ… የጥይቱ?»

«አዎ… የጥይቱ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሻሹ ሲነሣ ፀጉሩ የሻሹን ቅርጽ ይዞ ቀረ። አማቴ በጣታቸው ቢያንኳኩት እንደ በር ቋ ቋ አለ። ሙቅ ውሃ፣ የሳህን ሳሙና፣ እንደገና ሙቅ ውሃ። እኔ ፀጉር ማድረቂያውን ይዤ ሳሞቅ፣ ባለቤቴ በወረቀት ስትጠርግ፣ ተናዘዝኩ።

ዞረው አዩኝና፣ «እኔን ለጠመንጃ ነው የቀባኸኝ?» አሉ።

«የተቀቡት ራስዎ ነዎት» የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት።

ትከሻቸው ላይ የወደቀች የደረቀ ቅባት ቁራጭ አንሥተው በጣቶቻቸው መሃል ፈተጓት። «ደግሞስ ሰም በዝቶበታል። ሲበርደው ይፈረፈራል። እኔ ራስ ላይ ያልያዘ ብረት ላይ ይይዛል?»

ማድረቂያውን አጠፋሁት። አረሮቻችንን ከሞቀ ቤት ወደ ቀዘቀዘው ጫካ በወሰድን ቁጥር ካርቶኑ ሥር የሚቀረውን ፍርፋሪ አሰብኩ። ማይስተሩም እኔም ሁልጊዜ አራግፈን እንጥለዋለን እንጂ፣ ከየት መጣ ብለን አናውቅም።

ቀጣዩን ቅባት አማቴ ቆመው አሠሩኝ። ሞራውን አስጨመሩ፤ በረንዳው ላይ ብርድ አስመቱት፤ በአውራ ጣታቸው ጫን እያሉ «ገና ነው»፣ «ገና ነው» ካሉ በኋላ፣ ጣታቸው ሳይሰነጥቀው ሲሰምጥ «አሁን ቅባት ሆነ» አሉ።

ቅዳሜ «የሠራሁትን ልየው» ብለው ከነነጠላቸው፣ በላዩ የእኔን ካፖርት ደርበው ክበቡ ድረስ መጡ። ለማይስተሩ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኩት። አልሳቀም። ባርኔጣውን አውልቆ ወገቡን ሰበር አደረገና፣ «ክረምቱን ሙሉ ያላየሁትን አይተዋል በላቸው» አለኝ። ከዚያ አንድ ምሰሶ ጀርባ ሄዶ ቆመ፤ ትከሻው ግን እየተንቀጠቀጠ ይታየኝ ነበር።

ተመልሶ አሥር ጥይት ተኮሰ። አሥሩም በመዳፍ በሚሸፈን ቦታ ላይ ተሰብስበው ገቡ። አማቴ ወረቀቱን ተቀብለው፣ እንደ ሐኪም ራጅ ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩ ቆዩና፣ «ቀዳዳ ነው እንዴ የምትፈልጉት? ይኼን በወስፌ እሠራላችሁ ነበር» አሉ። ይኼን አልተረጎምኩለትም።

ፀጉራቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልጸዳም። ጫፍ ጫፉን ባለቤቴ በመቀስ ስትቆርጥ፣ አንዱን ጎን ከሌላው ለማስተካከል ስትል፣ እያሳጠረች እስከ ጆሮ ግንዳቸው ደረሰች። አማቴ መስተዋት አስመጥተው ፊታቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዟዟሩና፣ «ይሁን፤ አንገቴ አየር አገኘ» አሉ። አገር ቤት በገቡ በሳምንቱ የባለቤቴ ወንድም ደወለ። እናቱን ከአውሮፕላን ሲወርዱ አላወቃቸውም ነበር፤ ሰፈሩም እኛም እንዲህ እንቆረጥ፣ የፍራንክፈርቱ ፀጉር ቆራጭ ማነው እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቶታል።