ጓዳ ውስጥ የተጫወትናቸው ሦስት ጌሞች

በዕድሜዬ የተጫወትኳቸው የኤሌክትሮኒክ ጌሞች ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስቱንም የተጫወትኳቸው በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ ደባርቅ፣ እናቴ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የእህል ጎታ ተደግፈን ተቀምጠን ነው። ዛሬ ስልካቸው ላይ የተደፉ ወጣቶች ቆሜ ሳያቸው «እርስዎ ይኼን አያውቁትም» ይሉኛል። አውቀዋለሁ። ስለ ጌም የምለው ብዙ አለኝ፤ ደግ ነገር ግን አይደለም።

ወንድሜ ሰዓት ሠሪ ነበር። ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ፣ አጉሊ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ይውላል። ጌሞቹን ያመጣለት ከአሥመራ ጎንደር የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። መዳፍ የሚያህሉ፣ መስታወታቸው ላይ ጥቁር ሥዕል የሚንቀሳቀስባቸው ነበሩ። ሾፌሩ «ለልጆቼ የገዛኋቸው ወር ሳይሞላቸው ሞቱ። ሰዓት የሚያድን ሰው ይኼን አያቅተውም» ብሎ ትቶለት ሄደ። ወንድሜ ፈታታቸው፣ ጠራረጋቸው፣ የሰዓት ባትሪ ገጠመላቸው፤ ነፍስ ዘሩ። ሾፌሩ ግን ተመልሶ አልመጣም። ከአዲ አርቃይ ወዲያ ያለው መንገድ በጦርነቱ ተዘጋ፤ እሱም እዚያው ማዶ ቀረ።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቶች እንዲያቀርብ ታዘዘ። የወንድሜ ስም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ሱቁን ዘጋንና «ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዷል» ብለን አስወራን። እሱ የወረደው ግን ጓዳ ነው። እናቴ ለገብርኤል ተሳለች፤ «ልጀን ከሰወርህልኝ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ አገባልሃለሁ» አለች። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ለምሳ ስመጣ፣ እሑድ እሑድም ቀኑን ሙሉ፣ ጓዳ ገብቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሰው ተደብቆ ሲኖር ወሬ ቶሎ ያልቅበታል። ስለዚህ ጌም እንጫወታለን። ጲጵ ጲጵ የምትለዋን ሽቦ ወንድሜ በመጀመሪያው ቀን በወረንጦ ነቅሎ ጣላት፤ ጎረቤታችን ከግድግዳው ወዲያ ነበረች።

የመጀመሪያው የበጎች ጌም ነው። አንድ ሰውዬ አራት በር ባለው በረት መሃል ቆሟል። በጎቹ በየበሩ ሊወጡ ይመጣሉ፣ እሱ እየሮጠ ይዘጋባቸዋል። ሦስት በግ ካመለጠው አበቃ። ከሦስቱ የሚሻለው ይኼ ነው፤ ቢያንስ ሥራ ያለው ሰው ነው የሚያሳየው። ወንድሜ ግን ይናደድበት ነበር።

«እታለም፣ ይኸን የሠራው ሰው በግ አይቶ አያውቅም» አለኝ። «በግ እኮ በአራት በር አይወጣም። አንዱ በወጣበት ሁሉም ይነጉዳል። በር የሚያማርጥ ፍየል ነው።»

«ታዲያ ፍየል ነው በለው» አልኩት።

«ቀንድ የለውማ!»

በዚህ ነገር የምሳ ሰዓቴን ሙሉ ተከራከርን። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነበር። ጌሙ መሸነፍ እንጂ ማሸነፍ የለውም። ሁለት መቶ በግ ብታስቀርም «ጎበዝ፣ አሁን ግባና እረፍ» የሚል የለም። በጎቹ እየፈጠኑ ይሄዳሉ፣ ሰውየው ያው ሰውዬ ነው። ይኼን ከእኔ በፊት የተረዳው ወንድሜ ነው። አንድ ቀን ጌሙን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «መጨረሻው የታወቀ ነው እኮ። የምንለፋው ትንሽ እንዲዘገይ ነው» አለኝ። ዝም በል ብዬ ተቆጣሁት። ስለ ጌሙ ብቻ እንዳልተናገረ ገብቶኝ ነበር።

ሁለተኛው የጦርነት ነው። ከላይ አውሮፕላን ቦምብ ይጥላል፣ ከታች አንድ ወታደር ጠመንጃ ይዞ ይተኩሳል። ጓደኛ የለው፣ የሚከለልበት ዛፍ የለው፣ ብቻውን ሜዳ ላይ። ወንድሜ አንድ ጊዜ ሞክሮት «ይኸ እንኳ ሳልጠራው እየጠራኝ ነው» ብሎ አስቀመጠው፤ ዳግመኛም አልነካውም። እኔ ተጫወትኩት። መተየብ የለመደ ጣት ነው ያለኝ፤ ማንም አይቀድመኝም ነበር። ግን ውሸት የበዛበት ጌም ነው። ወታደሩ ይመታና ይወድቃል፣ ከዚያ ተነሥቶ ይተኩሳል፤ ይኼን ሦስት ጊዜ ያደርገዋል። እኛ ሰፈር መርዶ የገባባቸው ቤቶች ውስጥ አንዴም የተነሣ አልሰማንም።

የማይረባው የመኪናው ነው። አንድ መኪና አለህ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ከፊት ለፊት የሚመጣብህን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትሸሻለህ። በቃ። ጠመዝማዛ የለ፣ ገደል የለ፣ ጭጋግ የለ። ሊማሊሞን አንድ ጊዜ የወረደ ሰው ይኼን መንዳት ብሎ አይጠራውም። እጅግ ንቄው ነበር። ከሦስቱ የያዘኝ ግን እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። መሥሪያ ቤት ስተይብ እንኳ እነዚያ መኪኖች ዓይኔ ላይ ይመጣሉ። ወንድሜ አምስት መቶ ሰባ አስቆጥሮ ጎታው ላይ በጠመኔ ጽፎት ነበር። እሱን ካልበለጥኩ እንቅልፍ የለኝም አልኩ። የሠላሳ ዓመት ሴት ነበርኩ።

ታኅሣሥ እንደገባ የቀበሌያችን ኮታ መሟላቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በገዛ እጄ ተየብኩ። የተመለመሉት ልጆች በዳባት አድርገው ወደ ጎንደር ተጫኑ። ቤት እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኳቸው። እናቴ ተንበርክካ መሬት ሳመች። ወንድሜም «እንግዲያ ሱቄን ልክፈት?» አለ። «ትንሽ ታገሥ፤ ገና ይለፍና ከሁመራ እንደተመለሰ ሰው ሆነህ ትወጣለህ» አልኩት። እናቴም ስንስማማ አጠገባችን ቆማ ሰምታለች።

ከገብርኤል በዓል በፊት ባለው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወንድሜ ከጎታው ጀርባ ተኝቶ ነበር። እኔ የመኪናውን ጌም ይዣለሁ፤ የእሱን አልፌ አምስት መቶ ዘጠና ደርሻለሁ። እናቴ ጃንጥላውን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጀ፣ ገብርኤል ሰማኝ። በዓሉ ሐሙስ ነው። ስለቴን ይዤ ልግባ?»

«ግቢ» አልኳት።

«ስለት ሲገባ እኮ ታምሩ ለሕዝብ ይነገራል። ተቀብዬ ዝም ብል ደግሞ ውለታውን መደበቅ ነው፤ ይቀየመኛል። አንች የተማርሽ ነሽ፣ ምን ትያለሽ? ልናገረው?»

«ተናገሪ እማዬ፣ ጥሩ ነው።»

ራሴን ቀና አላደረግኩም። እናቴ ሄደች። ስድስት መቶ አርባ ስደርስ ተጋጨሁ። ወንድሜን ቀስቅሼ አሳየሁት፤ እየሳቀ የራሱን ቁጥር በመዳፉ አጥፍቶ የእኔን ጻፈልኝ።

ሐሙስ ለእኛ መሥሪያ ቤት የሥራ ቀን ስለነበር ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ለምሳ መጥቼ ልመለስ ስል እናቴ ከንግሡ ገባች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቻት አላውቅም። ጃንጥላውን ዘርግታ በምእመኑ መሃል እንደቆመች፣ ስለት አስተዋዋቂው ምን እንደተሳለች እንደጠየቃት፣ እሷም አንድ ሳታስቀር እንደነገረችው እየተቻኮለች አወራችን። ሰውየውም ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኒህ እናት ልጃቸው ለውትድርና ቢፈለግባቸው መልአኩ ከገዛ ቤታቸው ሰውሮላቸው፣ ዛሬ ስለታቸውን ይዘው መጥተዋል!» ብሏል። ሕዝቡ እልል አለ።

«የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሳይቀሩ ነበሩ» አለች። «ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጥዱ ሥር ቆመው፤ እሳቸውም አጨበጨቡ።»

እኔና ወንድሜ ተያየን። እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። የሠራችው ነገር ያኔ ነው የገባት። ማንም አልጮኸባትም።

በየዳ ወረዳ ዘመድ አለን፤ ዛሬውኑ ይውጣ ብለን ብርድ ልብሱን እየጠቀለልኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከቀበሌ አራት ሆነው ነው የመጡት። ከተጫኑት ልጆች አንዱ ዳባት ላይ ከመኪና ዘሎ ጠፍቶ ኖሯል፤ ምትክ እየተፈለገ ነበር። ሊቀመንበሩ እናቴን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «እናቴ፣ ምን ላድርግ? ወይ እሱን ወይ የራሴን ልጅ ነው የሚሉኝ» አላት። እናቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ወንድሜ ራሱ ከጓዳ ወጣ። ከጎታው አቧራ ፀጉሩ ነጥቶ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ አላየምና ደጁ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ።

«እታለም፣ ሱቅ ውስጥ የሰው ሰዓት አለ» አለኝ። «ለየባለቤቱ መልሽልኝ።»

መለስኩ። ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ላከ፤ የጠየቀውም ሰዓቶቹ መመለሳቸውን ነበር። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ሠራዊት በከተማችን በእግሩ ሲያልፍ እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ዳር ቆማ ስሙን እየጠራች ትጠይቃቸዋለች። «ክፍለ ጦሩ የትኛው ነበር፣ እማማ?» ይሏታል። አታውቅም። እኛም አናውቅም። እግሩ ያበጠ፣ ጫማው ያለቀ፣ የሰው ልጅ ሁሉ አለፈ፤ የእሷ አላለፈም።

ጌሞቹን እሱ ከሄደ በኋላም ተጫውቻቸዋለሁ። ሰው ቢሰማ ይታዘበኝ ይሆናል፤ ግን ጓዳ ገብቼ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ባትሪያቸው ሲያልቅ የሚቀይርላቸው ሰዓት ሠሪ በከተማው አልነበረም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ነገሩን የራሷ ኃጢአት አድርጋ ወሰደችው። ለነፍስ አባቷ ተናዘዘች፣ ንስሐ ተሰጣት፣ ጨረሰችው፤ እንደገና ያንኑ ተናዘዘች። ጎረቤት ሲያጽናናት «ልጀን በአፌ ነው የሰጠሁት» ትላለች። እኔም እዚያው ተቀምጬ እሰማታለሁ።

ልትሞት ሰሞን፣ ራስጌዋ ተቀምጬ ሳለ እጄን ያዘች።

«ያን ጊዜ ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ ልጀ። ልብሽ ሌላ ቦታ ነበርና አልሰማሽኝም። ብትሰሚኝማ ትከለክይኝ ነበር። በዚህ እንዳታዝኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አዎ እማዬ፣ አልሰማሁሽም» አልኳት።

ሰምቻት ነበር። ቃል በቃል ሰምቻታለሁ፤ መናገሩ አደገኛ መሆኑም ያኔውኑ ውል ብሎብኛል። «ተናገሪ» ያልኳት ስድስት መቶ ለመሙላት ዐሥር ብቻ ስለቀረኝ፣ ከበሩ ዞር እንድትልልኝ ብዬ ነው።