ዙፋን ላይ ያለች ተኳሽ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የልብስ ፋብሪካው ሸሚዝ ተኳሽ፣ እግራቸው ያበጠው እመቤት፣ ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠዋል!

ዙፋኑ የሽንት ቤት መቀመጫ ነው፤ ተኳሽ እንድትቀመጥ የተፈቀደላት እዚያ ብቻ ነውና። ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ታንቀላፋለች። በሰፊው ጋዎን ሥር የአምስት ወር ፅንስ አለ፤ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ደግሞ አሥር ቀን ይቀረዋል። እስከዚያ ከታወቀባት ትባረራለች።

ተቆጣጣሪዋ በሩን ደበደበችው።

«አንቺ፣ ተከራየሽው እንዴ?»

«ሆዴን ነው እትዬ፤ ምግብ አልስማማ ብሎኝ።»

«አልስማማሽ ያለ ምግብ እንዲህ ያወፍራል?»

ተኳሿ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች። ፅንሱ ግን የፋብሪካውን ደንብ አላነበበምና ረገጣት።

አንባቢ ሆይ፣ መቼም ይህን የምታነበው ተቀምጠህ ነው፤ እባክህ ብድግ በልና ተቆጣጣሪዋን ለጥቂት ደቂቃ እንኳ በወሬ ያዝላት...