ያሳደድሁት ሕመም

እንጅባራ ዙሪያ አጥንቱ የወለቀ፣ እግሩ የዞረበት ሰው ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ወጌሻ ነኝ። እጄ ደኅና ነው፤ ችግሩ አፌ ከእጄ ይፈጥናል።

የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ሥራ በጀመረ ሰሞን ነው፤ የልጅ ልጄ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ። አንድ ጠዋት ቀኝ ጉልበቷ አብጦ፣ ነጠላ ሲነካው እንኳ እየጮኸች ተነሣች። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ጉሮሮዋን አሟት ነበር፤ እሱን ማን ያስታውሳል? እኔ ጥፋተኛውን ወዲያው አገኘሁት፦ ፈረሴን። ቅዳሜ ከጥሊሊ ገበያ ስንመለስ እሷ ናት የጋለበችው።

«ጥሎሻል፣ አይደል?»

«ኧረ አልጣለኝም፣ አባባ!»

«አፍረሽ ነው። የአገው ልጅ ፈረስ ጣለኝ አትልም።»

ቅቤ አቅልጬ አሸሁላት። እንባዋ እየወረደ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው፤ እኔም «ጎበዝ!» እያልሁ አባስሁባት። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጠፋ። ደረቴን ነፍቼ ሳልጨርስ ግራ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። አሸሁት፤ ሄደ። ከዚያ የእጇ አንጓ ተነሣ።

«አየሽ፣ እጄን ፈርቶ እየሸሸ ነው» አልኋት እናቷን። «በጣቷ ጫፍ ላስወጣው ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ ፈረሱ ስንት ቦታ ላይ ነው የጣላት?»

አርባ ዓመት የሰው አጥንት ስጠግን የራሴ እንዲህ ተሰብሮ አያውቅም። ባጃጅ ጠራን።

የጤና ጣቢያዋ ሐኪም የልጅ ልጄ ታላቅ እኅት ብትባል ታምናላችሁ። ጉልበቱን ትታ «አፍሽን ክፈች» አለቻት።

«ልጄ፣ ያመማት እኮ ከታች ነው» አልሁ።

«አውቃለሁ፣ አባቴ። ጉሮሮዋን አሟት ነበር?»

እናቷ መለሰች። ሐኪሟ ደረቷን ረጅም ጊዜ አዳመጠችና ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ልጅና ጎረምሳ መገጣጠሚያውን የሚያመው በብዙ ምክንያት ነው፤ ወድቆም ይሆናል፣ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ቋጥሮም ይሆናል፣ ገና ሌላም አለ። ይኸ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዞረው ግን ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ ነው፤ ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ ተሳስቶ ራሱን ይመታል።

«መገጣጠሚያው ይድናል» አለች። «እኔን የሚያስፈራኝ ልቧ ነው።»

«እኔ ሳሸው የሸሸውስ?»

«ባያሹትም ይሸሽ ነበር፣ አባቴ። ማሸትዎ ሕመሟን ነው የጨመረባት።»

ሆስፒታል ልካን ልቧን በመሣሪያ አዩላት። እኔም በመሣሪያው መስታወት ላይ አየሁ። አንድ ጭብጥ የማትሞላ ሥጋ፣ ውስጧ እንደ ስስ ቅጠል የሚርገበገቡ በሮች፤ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ማንም ሳያዛቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ስዳስስ ኖሬ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። ቆቤን አወለቅሁ። አንዱ በር ጥብቅ ብሎ አይዘጋም፤ ትንሽ ደም ወደኋላ ያፈስሳል። በየአራት ሳምንቱ ሳታቋርጥ ለዓመታት መርፌ ከተወጋች ላይብስ ይችላል፤ ካቋረጠች ግን ሕመሙ ሊመለስና በሩን ጨርሶ ሊያበላሸው ይችላል።

ሁለቱን ወር ተወጋች። በሦስተኛው ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አጥሩን ይዛ ቆመች። መርፌው ያማል፤ አልፈርድባትም።

«ጉልበቴ ድኗል! አልወጋም!»

ለመንኋት፣ ተቆጣሁ፣ ከረሜላ ቃል ገባሁ፤ ከረሜላውን ስትሰማ ጭራሽ ሳቀችብኝ። ያቺው ሐኪም ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውርዳ ልጅቱ ጆሮ ላይ ሰካች፤ ጫፉን ደረቷ ላይ አስቀመጠችው።

የልጅቱ ዓይን ፈጠጠ። «ይኸ የእኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ስተኛም እንዲህ ይላል?»

«ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ አንድ ቀን አርፎ አያውቅም።»

ከዚያ ሐኪሟ ለእኔ ሰጠችኝ። ጎረቤት ሲጠራኝ የማይሰማው ጆሮዬ ያን ሰማ፦ ዱብ ይላል፣ ከኋላው እንደ ሹክሹክታ የቀጠነ ድምፅ ይከተላል። የማይዘጋው በር ነው። እስትንፋሴን ይዤ፣ እንዳልረብሸው ፈርቼ፣ ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ።

ቀና ስል ልጅቱ መርፌ ክፍሉ በር ላይ ተራ ይዛ ቆማለች።