ባሕር ገልባጩ

ምዜ ኮምቦ ለሠላሳ አንድ ዓመት እንቅልፍ የሚባለውን ነገር በቁርጥራጭ ነው የተኙት። ባሕር በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ አንዱም ሙላት፣ አንዱም ጉድለት ሳይጻፍ እንዳያልፍ የተቀጠሩት እሳቸው ነበሩ። ከታንጋ ከተማ ወጣ ብሎ ኪሲኪ በሚባለው ጠረፍ፣ ጀልባ መጠጊያው አጠገብ፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም እንጨት ውሃው ውስጥ ተተክሏል። ቤታቸው ከዚያ አርባ እርምጃ አይርቅም። የውሃው ሰዓት ሲደርስ ባለቤታቸው ቢ ምጌኒ ትከሻቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ምዜ ኮምቦ ይወርዳሉ፣ እንጨቱን ያነባሉ፣ ሰዓቱንና ከፍታውን መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፣ ተመልሰው ይጋደማሉ። ልጅ ቢወለድ፣ ሰው ቢሞት፣ ኢድ ቢሆን ያው ነው።

እኔ ሳውዳ እባላለሁ። እሳቸው በእጅ የጻፉትን ኮምፒውተር ላይ የምተይበው እኔ ነበርኩ። ቸር ሴት አይደለሁም፤ ይህን ከአሁኑ ብነግራችሁ ይሻላል።

የባሕር መረጃ ማዕከል የሚባለው መሥሪያ ቤታችን ሲጀመር ከዓሣ መመርመሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ሁለት የብረት ቁም ሳጥን፣ ደስ ሲለው የሚዞር አንድ ማራገቢያ፣ ጨው ጨው የሚሸቱ መዝገቦች፤ በቃ። ለመርከብ መግቢያ የውሃ ጥልቀት የሚጠይቅ የወደብ ሰው ይመጣል፣ አንዳንዴ ጨው አምራች፣ አንዳንዴ መመረቂያውን የሚጽፍ ተማሪ። ከዚያ ፕሮጀክት መጣና ኮምፒውተር ገባ፣ ማቀዝቀዣ ገባ፣ በታንጋ ሙቀት ሹራብ ለብሰን መሥራት ጀመርን። የመጀመሪያው አለቃችን ኡስታዝ ሼኩዌ ያን ጊዜ ነው ለምዜ ኮምቦ የነገሯቸው። ባሕሩ ከፍ እያለ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ለረጅም ዓመት የለካ ብቻ ነው፤ በዚህ ጠረፍ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሳያቋርጥ የለካ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ የኪሲኪ ባሕር ወደ ዓለም መዝገብ ይገባል፣ ከነተመልካቹ ስም።

ምዜ ኮምቦ የተጠበሰ ካሳቫ በበርበሬ ይዘውልኝ መጡ። መምጣታቸው ግን ለካሳቫው አልነበረም።

"ሳውዳ ልጄ፣ ስሜ እዚያ ይጻፋል?"

"ይጻፋል አባባ።"

"ሙሉውን? ምብዋና ኮምቦ ተብሎ?"

"ሙሉውን። እኔው ራሴ ነኝ የምጽፈው።"

በማግስቱ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ዓሣ ገበያው መሀል ሲዞሩ ዋሉ። ያልነገሩት ሰው አልነበረም። ሀብት የላቸው፣ ወንድ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው ያ ስም ነበር።

እኔም መተየቤን ያዝኩ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ነው፤ ምዜ ኮምቦም እንደዚያው ነበር የሚጽፉት። "አራት፣ ቀን" ካሉ ረፋድ አራት ሰዓት ማለታቸው ነው። ዓለም ግን የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ላይ ስድስት ሰዓት እንዲደምር አደረግኩት። ሃያ ሁለቱን ዓመት በዚህ ጨረስኩ። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታትም ያንኑ አደረግኩ።

በየገጹ ጠርዝ ላይ ደግሞ፣ እንደ ድሮ ሰው በአረብ ፊደል፣ ትንንሽ ነገር ይጭሩ ነበር። "ዛሬ ዝናብ።" "የሐሚዱ ጀልባ ሰጠመች።" "ምጌኒ ወለደች፣ ሴት።" ከኡስታዝ ሼኩዌ በቀር ከቢሮው ይህን ማንበብ የምችለው ቁርአን ቤት የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ እያነበብኩ እስቅ ነበር። በኋላ ሰለቸኝና ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ ማንሳት ተውኩ።

ኡስታዝ ሼኩዌ ጡረታ ወጡ፤ በእንጨቱ ቦታ ራሱ የሚጽፍ መሣሪያ ተተከለ፤ ምዜ ኮምቦም ከሥራ ተሰናበቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተር ኪዌሉ አለቃ ሆኖ መጣ። ከደጋ የመጣ፣ ባሕር የተማረ፣ ባሕር ዳር ግን ያላደገ ሰው ነው። መረጃውን ወደ ውጭ ከመላካችን በፊት ልፈትሸው አለና ሁለት ሳምንት በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሲወጣ ፊቱ ደም መስሎ ነበር። የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ዓመታት ግልብጥ ናቸው፤ ሙላቱ በጉድለት ሰዓት፣ ጉድለቱ በሙላት ሰዓት ተጽፏል።

ምዜ ኮምቦን በጓዳ ጠርቶ ቢጠይቃቸው አንድ ነገር ነበር። እሱ ግን ለሌላው ትምህርት ይሁን ብሎ ከኪሲኪ ሰዎች ሳይቀር ጠርቶ አዳራሹን ሞላው። ምዜ ኮምቦ ያን ጊዜ ዓይናቸው ሞራ ጋርዶታል። ቢ ምጌኒ እጃቸውን ይዘው አምጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና በሩ ጋ ቆሙ። ያንኑ ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ለስሙ ጉዳይ የተጠሩ መስሏቸዋል።

"ኮምቦ" አለ ዶክተሩ፣ ምዜ የሚለውን የአክብሮት መጠሪያ እንኳ ሳይጨምር። "ጨረቃ አሥራ አምስት ስትሆን ባሕሩ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ምን ይሆናል?"

"ይጎድላል። ሴቶቹ ኦክቶፐስ ሊለቅሙ የሚወርዱበት ሰዓት እኮ ነው።"

"መቼ ነው የሚሞላው?"

"ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት። ይሄንንማ ሕፃን ያውቀዋል፣ ልጄ።"

"ልጅህ አይደለሁም። አንተ የጻፍከውን ልንገርህ። ጨረቃ አሥራ አምስት፣ ረፋድ አራት ሰዓት፣ ባሕሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። አሥር ሰዓት ላይ ባዶ። አንድ ቀን አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!"

ማካሜ የሚባል የኪሲኪ ዓሣ ነጋዴ ከኋላ ጮኸ። "ምዜ፣ ሴቶቻችን ኦክቶፐሱን ጠልቀው ነው እንዴ የሚያወጡት?" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ምዜ ኮምቦም አብረው ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ቀልዱ በማን ላይ እንደሆነ የገባቸው ሳቁ አልቆም ሲል ነው።

"እኔ እንዲህ አልጻፍኩም። መዝገቤን አምጡልኝ።"

"በየትኛው ዓይንህ ልታነበው?"

"ያን ጊዜ ያይ ነበር።"

"ያን ጊዜማ የሚያየው የቤትህን ጣሪያ ነው። ተኝተህ እየገመትክ ነው የጻፍከው። መገመቱንም አላወቅክበት።"

ቢ ምጌኒ ከበሩ ተንደርድረው ገቡ። "የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ! እኔን ጠይቁኝ! አንድም ቀን አልቀረም፣ በዝናብም አልቀረም! ሙላቱን በሙላቱ፣ ጉድለቱን በጉድለቱ ነው የጻፈው!"

"የወጥ ቤት ምስክር አንሰማም" አለ ዶክተሩ፤ እንደገና ተሳቀ።

ምዜ ኮምቦ እጃቸውን አነሱ። "እንግዲያ ሳውዳ ታንብበው። እሷ የልጄ ያህል ናት። እሷ ያለችውን እቀበላለሁ።"

መዝገቡን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ከዘጠኙ ዓመት የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ቁጥሮቹ እኔ እንደተየብኳቸው ናቸው። ጠርዙ ላይ ግን በቀይ ቀለም፣ በአረብ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦ "በአለቃ ትእዛዝ ከዛሬ ጀምሮ በፈረንጅ ሰዓት እጽፋለሁ። ቢስሚላህ።"

ደግሜ አነበብኩት። ሰውየው ራሳቸው ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይረው የጻፉትን እኔ በላዩ ስድስት ሰዓት ደምሬበታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "አራት፣ ቀን" ያሉት የእኛን አሥር ሰዓት ነበር። ባሕሩን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

ዶክተሩ ከትከሻዬ ኋላ ቆሞ ገጹን ያያል፤ ፊደሉ ለእሱ የዝንብ ኩስ ነው። ከወር በፊት አንዲት ተያቢ ቁጥር አሳስታ በዚያው ቀን አባሯታል። የእኔ የቋሚነት ወረቀት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ፊርማውን ይጠብቃል። አሰብኩ እንዳልል ጊዜም አልወሰደብኝም።

"አንድ ነው" አልኩ። "መዝገቡ ላይ ያለውና ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው።" መዝገቡንም ዘጋሁት።

ምዜ ኮምቦ ወደ ድምፄ አቅጣጫ ዞሩ። "ሳውዳ ካለች ነው" አሉ። "ምናልባት ጭንቅላቴ ነው። እኔ አላውቅም።"

"ኮምቦ! አብደሃል እንዴ?" አሉ ቢ ምጌኒ። "እኔ ቀስቅሼሃለሁ እኮ!"

"ዝም በይ አንቺ። እሷ አንብባ ነው የተናገረችው። አንቺ ከየት አምጥተሽ ነው?"

ዘጠኙ ዓመት ላይ "የማይታመን፤ ተመልካቹ በግምት የጻፈው" የሚል ተለጠፈበት። በዘጠኙ የዋሸ በሃያ ሁለቱም አይታመንም ተባለና የቀረውም አብሮ ወደቀ፤ ስማቸውም ተፋቀ። የፋቅኩት እኔ ነኝ፣ እጽፈዋለሁ ያልኩት እኔው። በውሃው ዳር የነበረውን የመሥሪያ ቤቱን ቤት ቀምተዋቸው ኪሲኪ ውስጥ ዘመድ ቤት ተጠጉ። ገበያ ሲወጡ "ባሕር ገልባጩ መጣ! ምዜ፣ ዛሬ ባሕሩ ወዴት ነው?" ይሏቸዋል። ማካሜ ደግሞ ለመጣ ለሄደው "ሠላሳ ዓመቱን ውሃ በላው" እያለ ያወራ ነበር። እኔ ቋሚ ሆንኩ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ዶክተሩ ትልቅ ቦታ አግኝቶ ሄዷል፤ እኔ የክፍል ኃላፊ ነኝ። ከውጭ ደብዳቤ መጣ፤ ባሕሩን ከሰማይ የሚለኩ ሰዎች ከምድር የተለካ የድሮ ቁጥር ይፈልጋሉ። አንድ ጠዋት ቢሮዬን ዘጋሁና ከዘጠኙ ዓመት ላይ ስድስት ስድስት ሰዓት ቀነስኩ። ሻዬ እንኳ አልቀዘቀዘም። ክዳን ከድስቱ እንደዚያ አይገጥምም፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከጣት ስፋት የሚበልጥ ስህተት አልተገኘባቸውም። ውጭ ያሉት በደስታ አበዱ። ጠፍቶ የነበረ መረጃ በሳውዳ ጥበብ ተረፈ ተባለ፣ በመስታወት የታሰረ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ኬክ ተቆረሰ። በልቻለሁ።

ያ ኬክ ግን አልወርድ አለኝ። በሳምንቱ ሙሄዛ ወጣሁ፤ ባሕር ከማይታይበት፣ ብርቱካን ከሚሸጥበት አገር። ምዜ ኮምቦ ከሴት ልጃቸው ጋር እዚያ እንደሚኖሩ ሰምቻለሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ነጭ ሆነዋል። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

"ሳውዳ ልጄ! ካሳቫ እንኳ የለኝም።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀዩን ጽሑፍ፣ ስድስቱን ሰዓት፣ ቋሚነቱን። ልጃቸው በሩ ጋ ቆማ ትሰማለች።

"ያን ዕለት አየሽው?" አሉ።

"አየሁት።"

"መዝገቡን ከመዝጋትሽ በፊት?"

"ከመዝጋቴ በፊት።"

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ። ድምፃቸው ከፍም አላለ።

"ምጌኒ አንድ ዓመት ሙሉ ለመነችኝ። 'አልተሳሳትክም፣ የቀሰቀስኩህ እኔ ነኝ' ትለኛለች። እኔ ምን እንደምላት ታውቂያለሽ? 'ሳውዳ አትዋሽም፤ ውሸታሟ አንቺ ነሽ።' ታማም አልተወችኝም። የሞተች ቀን 'አምነኸኝ ልሙት' አለችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩባት።"

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔን ምን አድርግ ትዪኛለሽ? እሷን ጠይቂያት። ኪሲኪ ነው የተቀበረችው፣ ከጀልባ መጠጊያው ማዶ።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ጨረቃዋ ስንት ናት?"

"አሥራ አምስት" አለች ልጃቸው፣ እኔን ሳታይ።

"እንግዲያ ቶሎ ውረጂ። አሥር ሰዓት ላይ የመቃብሩን መንገድ ውሃ ይዘጋዋል።"

በሚኒባስ ወረድኩ። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶ ቆየን፤ ኪሲኪ ስደርስ ልክ አሥር ሰዓት ነበር። መንገዱ ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ ማዶ የመቃብሮቹ ድንጋይ ብቻ ይታያል። ቁጭ ብዬ ጉድለቱን መጠበቅ እችል ነበር። ጫማዬ ስለራሰ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህም አልሄድኩም።

መረጃው አሁን ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ሆኗል። የተመልካች ስም የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ስማቸውን ብመልስ ለምን ተፍቆ እንደነበር ይጠይቁኛል። በየወሩ እከፍተዋለሁ፣ ምብዋና ብዬ እጽፋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። ምዜ ኮምቦ ባለፈው ረመዳን ሞተዋል።